ስለ መልቀቅና ስለ መሻር

ሊቃውንት አባቶቻችን አንድን ንባብ ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ አስቀድመው የቃሉን ዘር ይፈልጋሉ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ምሥጢሩ ይገባሉ። ይህ መንገድ በግእዝ የተወሰነ አይደለም፤ ለማንኛውም ሕዝብ ቋንቋ ይሠራል፤ ሰዎች በረጅም ዘመን ያሰቡትን፥ የፈረዱትንና የጸለዩትን ሁሉ በቃላቸው ውስጥ አኑረውታልና። እኛም ዛሬ ከእንግሊዝ ቋንቋ አንድ ግሥ ወስደን፥ ዘሩንና ትርጓሜውን እየተከተልን፥ ለነፍስ ወደሚጠቅም ጥያቄ ለመድረስ አስበናል።

ግሡ «ቬኬት» የሚለው ነው። በዛሬው የእንግሊዝኛ አነጋገር ሁለት ዋና ዋና ትርጓሜዎች አሉት። አንደኛው የያዙትን ስፍራ ለቅቆ መሄድ ነው፤ ተከራይ ቤቱን ሲለቅ፥ ሹም ወንበሩን ሲተው በዚህ ቃል ይነገራል። ሁለተኛው በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ነው፤ ቀድሞ የተሰጠውን ፍርድ ወይም ትእዛዝ ዳኛ ሲሽረውና ኃይል ሲያሳጣው በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁለቱ ትርጓሜዎች በመጀመሪያ ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ። ቤቱን ትቶ የሚወጣ ተከራይና ፍርድ የሚሽር ዳኛ በምን ይገናኛሉ?

የሚገናኙት በባዶነት ነው። ተከራዩ ቤቱን ከራሱ ባዶ ያደርገዋል፤ ዳኛውም ፍርዱን ከኃይሉ ባዶ ያደርገዋል። ጥያቄያችንም የሚነሣው ከዚህ ነው። ባዶ ማድረግ በራሱ ፍጻሜ ነውን? ክፉ ልማድን የተወ፥ ቂምን የለቀቀ፥ የግፍን ፍርድ የሻረ ሰው ሥራውን ጨርሷልን? ወይስ ገና ጀመረ ይባላል?

ወደ ቃሉ ምንጭ እንሂድ። «ቬኬት» የተወለደው ከላቲኑ «ቫካሬ» ነው፤ ይህም ባዶ መሆን፥ ከሥራ ነጻ መሆን፥ ጊዜ ማግኘት ማለት ነው። ከዚሁ ዘር ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ወጥተዋል። አየር የሌለበት ባዶ ስፍራ «ቫክዩም» ይባላል፤ ተማሪዎችና ሠራተኞች ከሥራ የሚያርፉበት ጊዜ «ቫኬሽን» ይባላል፤ ሰውን ከአደጋ ስፍራ ወይም ከቀዬው ማስለቀቅ «ኢቫኩዌት» ይባላል። በሕግ ቋንቋ ዋጋ የሌለውን ውል የሚያመለክተው «ቮይድ» የሚለው ቃል በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከዚሁ ቤተ ሰብ የመጣ ነው። እንዲሁም ዛሬ መራቅ ወይም መሸሽ ማለት የሆነው «አቮይድ» በቀድሞ ዘመን ባዶ ማድረግና መሻር ማለት ነበረ። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ ከክፉ መራቅና ክፉን ባዶ ማድረግ በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል።

በዚህ ላይ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። «ቬኬት» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተገኘው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን የመጀመሪያ ትርጓሜው መሻር ነበረ፤ ስፍራን ለቅቆ መሄድ የሚለው ትርጓሜ ግን የተከተለው ዘግይቶ ነው። ቃሉ መጀመሪያ በዳኞች አፍ ነበረ፤ ኋላም ወደ ተከራዩና ወደ ሹሙ ወረደ።

ከእንግሊዝኛው በፊት ግን ላቲኑ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ሲነበብ ኖሯል። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ግሥ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ሦስቱን ብናይ ለጥያቄያችን ብርሃን ይሰጡናል።

የመጀመሪያው በ45ኛው መዝሙር፥ በዕብራይስጥ ቍጥር በ46ኛው፥ የሚገኘው ነው። እግዚአብሔር በጦርነትና በሁከት መካከል ላሉ አሕዛብ ዝም ብለው አምላክነቱን እንዲያውቁ ያዝዛቸዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዙን «ዕረፉ» ብሎታል። በላቲኑ ለብዙዎች የሚነገረው ትእዛዝ «ቫካቴ» ነው፤ ፊደሉም ከእንግሊዝኛው ግሥ ጋር አንድ ነው። በዕብራይስጡ ያለው ቃል የጨበጡትን ማላላት፥ እጅን መልቀቅ ማለት ነው። በግሪኩ ደግሞ «ስኮላዜይን» ከሚለው ግሥ የወጣ ትእዛዝ አለ፤ ይህም ከሥራ አርፎ ጊዜ ማግኘት ማለት ነው። «ስኮሌ» የሚባለውን ዕረፍት ግሪኮች ለትምህርት ስላዋሉት፥ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «ስኩል» የተባለው ስም ከዚሁ ተገኘ። እንግዲህ በዚህ መዝሙር ውስጥ ባዶ መሆን ማለት ለእግዚአብሔር ጊዜ ማግኘት፥ ከዚያም መማርና ማወቅ ማለት ሆነ።

ሁለተኛው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 7 ቍጥር 5 ነው። ባልና ሚስት ለጸሎት ጊዜ እንዲኖራቸው በስምምነት ለጥቂት ጊዜ እንዲለያዩ ይፈቅድና ወዲያው እንደ ገና እንዲገናኙ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሰይጣን እንዳይፈትናቸው ነው ይላል። በዚህም ስፍራ በግሪኩም በላቲኑም ያ ግሥ ይገኛል። ሐዋርያው ጊዜውን ባዶ ካስደረጋቸው በኋላ ሳይሞላ አልተወውም፤ ጸሎትን በውስጡ አኖረበት፤ ለባዶነቱም ወሰን አደረገለት።

ሦስተኛው የሚያስደነግጥ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቍጥር 43 ጀምሮ፥ ርኩስ መንፈስ ከሰው ከወጣ በኋላ ዕረፍት ፈልጎ እንዳጣ፥ ወደ ወጣበትም ቤት ሲመለስ ባዶ ሆኖ፥ ተጠርጎና አጊጦ እንዳገኘው ጌታችን ያስተምራል። ያን ጊዜ ከእርሱ የከፉ ሌሎች 7 መናፍስትን ይዞ ይገባል፤ የዚያም ሰው ኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። በዚህ ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚናገረው የግሪኩ ቃል በመዝሙሩ ዕረፉ ያለው ያው ግሥ ነው፤ የላቲኑም እንዲሁ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሦስቱን አነጻጽር። አንዱ ግሥ በአንድ ስፍራ ሰውን ወደ እግዚአብሔር ዕውቀት አቀረበው፤ በሌላው ስፍራ ወደ ጸሎት አገባው፤ በሦስተኛው ግን ለአጋንንት በር ከፈተበት። ቤቱ በሦስቱም ባዶ ሆኗል። ልዩነቱ ባዶ ከሆነ በኋላ በገባው ነው። በምሳሌው ያለው ቤት ቆሻሻ ነው ተብሎ አልተነቀፈም፤ ተጠርጓል፥ አጊጧልም። ጕድለቱ ባለቤት የሌለው ኦና ቤት መሆኑ ነበር።

ይህን ምሥጢር በገዛ ቋንቋዎቻችንም እናገኘዋለን። በግእዝ «ኀደገ» የሚለው ግሥ ተወ፥ ለቀቀ ማለት ነው፤ ኀጢአትን ይቅር ማለትም በእርሱ ይነገራል፤ ሚስትን መፍታትም በእርሱ ይነገራል። በግሪኩም «አፊየሚ» የሚለው ቃል እንዲሁ መተውን፥ ይቅር ማለትንና ትዳርን መፍታትን በአንድነት ይዟል። ስለዚህ ሰው «ተውሁ» ባለ ጊዜ ምን እንዳደረገ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ዕዳን ቢተው ምሕረት አደረገ፤ ባልንጀራውን ቢተው ጨከነ። አማርኛችንም ከዚህ አይለይም። አንድ ሰው የበደለውን ወንድሙን አስመልክቶ «ትቼዋለሁ» ቢል፥ ወይ ይቅር ብሎታል፥ ወይ ተስፋ ቈርጦ ጥሎታል፤ አፉ አንድ ሆኖ ልቡ ሁለት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች «ትቼዋለሁ» የሚለውን ቃል ከሰሙ በኋላ እርቁ ደረሰ ብለው አይነሡም፤ ተሳሳሙ፥ አብራችሁም ብሉ ይላሉ። የተለቀቀው የቂም ስፍራ በፍቅር መሞላቱን ሊያዩ ይፈልጋሉና።

እንግዲህ ከቃል ወደ ሥራ እንሻገርና፥ ይህ የእንግሊዝኛ ግሥ በሁለቱም ትርጓሜው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደ ሠራ በታሪክ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ፍሬድ ኮሬማትሱ በ1919 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በኦክላንድ ከተማ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ፥ በሞያውም ብረት በያጅ ነበረ። ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፥ በየካቲት 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህም ትእዛዝ መነሻነት በምዕራቡ ጠረፍ የነበሩ 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ቤታቸውን ለቀው በሽቦ በታጠሩ ሰፈሮች እንዲቀመጡ ተገደዱ፤ ከእነርሱም ሁለት ሦስተኛው ያህል በዚያው አገር የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በእጃቸው ሊይዙት ከሚችሉት ዕቃ በቀር ሌላውን ትተው ወጡ። መንግሥትም ይህን ሥራ የጠራበት ስም ከ«ቫካሬ» ዘር የተገኘ ነበረ፤ ማስለቀቅ ማለት ነው።

ኮሬማትሱ ግን አልለቅም ብሎ ቀረ። በግንቦት ወር 1942 ተያዘ፤ ትእዛዙን በመጣሱም ተፈረደበት፤ እርሱም እንደ ወገኖቹ ወደ ሰፈሩ ተወሰደ። ይግባኙ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በታኅሣሥ 18 ቀን 1944 ስድስት ዳኞች ፍርዱን ሲያጸኑ ሦስት ዳኞች ተቃወሙ። ከዚያም ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የወንጀለኛ ስም ተሸክሞ ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን መንግሥት በክርክሩ ጊዜ ለዳኞች ሊገልጸው የሚገባውን ማስረጃ እንደ ሸሸገ የሚያሳዩ ሰነዶች ተገኙ። በዚህም ምክንያት በኅዳር 10 ቀን 1983 በሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጡት ዳኛ ሜሪሊን ሆል ፓቴል በእርሱ ላይ የነበረውን የጥፋተኛነት ፍርድ ሻሩት። በሕጉ ቋንቋ «ቬኬት» ተደረገ ማለት ነው።

የቃሉ አካሄድ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ እይ። በ1942 የተነገረበት ቃል ከቤቱ ባዶ ሊያደርገው ነበረ፤ በ1983 የተነገረለት የዚያው ዘር ቃል ግን ፍርዱን ባዶ አደረገለት። ፊተኛው ግፍ ነበረ፤ ኋለኛው ጽድቅ ነበረ።

ነገር ግን በ1983 ሁሉ ተፈጸመን? አልተፈጸመም። የአንድ ሰው ፍርድ ተሻረ እንጂ በሺህ የሚቈጠሩት የተወረሩ ቤቶች፥ በርካሽ የተሸጡት እርሻዎችና ሱቆች፥ በሰፈሩ ያለቁት ዓመታት ባሉበት ነበሩ። የሕግ ሽረት ቀንበሩን ከትከሻ ያወርዳል፤ በትከሻው ላይ የቀረውን ቁስል ግን በራሱ አይሞላውም። ስለዚህ ሌላ ነገር አስፈለገ። በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው፥ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በፈረሙበት ሕግ፥ መንግሥት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸውም 20,000 ዶላር እንዲሰጥ ተወሰነ። ኮሬማትሱም በ1998 ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እጅ ለሲቪል ሰዎች ከሚሰጡት ክብሮች ሁሉ ከፍ ያለውን ሜዳልያ ተቀብሎ በ2005 ዐረፈ። የ1944ቱን ውሳኔ በሚመለከት ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ በ2018 ሲጽፉ ውሳኔው ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ስሕተት እንደ ነበረ አስታወቁ።

እነሆ፥ ሽረቱ በ1983 ቢመጣም ሙሊቱ ለመከተል ዓመታት ፈጅቷል። ገንዘቡ የጠፋውን እንደማይመልስ ሰጪዎቹም ተቀባዮቹም ያውቃሉ። ሆኖም ፍርዱን ሽሮ ዝም ማለት የተጠረገውን ቤት ኦና አድርጎ እንደ መተው በሆነ ነበር።

በዚህ ስፍራ አንድ ጥልቅ ጥያቄ ያጋጥመናል። የተደረገ ነገር በእውነት ሊሻር ይችላልን? የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በ6ኛው ክፍል፥ ማንም ሰው ስላለፈው ነገር አይማከርም፤ ምክር ስለሚመጣው ብቻ ነው፤ ያለፈው እንዳልሆነ ሊሆን አይችልምና ይላል። ለዚህም አጋቶን የተባለውን ባለቅኔ ምስክር ይጠራል። በዚህ አሳብ መሠረት ዳኛ ፍርድን እንዳልተሰጠ አደርገዋለሁ ሲል በሕግ ዓይን ብቻ ይናገራል፤ የተሠቃየው ሰው ግን ተሠቃይቷል። ታዲያ ንስሐ የሚገባው ሰው ምን ተስፋ አለው? ያለፈው ካልጠፋ ኀጢአቱ ተደመሰሰ ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱን ከቅዱስ ጴጥሮስ እንማር። ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። አራቱም ወንጌላውያን ይህን ጽፈውታል፤ ከትንሣኤም በኋላ ከመጽሐፋቸው አልፋቁትም። እግዚአብሔር የጴጥሮስን ክሕደት እንዳልተደረገ አላደረገውም። ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈ፥ ከትንሣኤው በኋላ ጌታችን በባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም ፍቅሩን አስመሰከረው፤ ሦስት ጊዜም መንጋውን አደራ ሰጠው። በሦስቱ የክሕደት ስፍራዎች ሦስት የፍቅር ቃላት ገቡ። ክሕደቱ ታሪክ ሆኖ ቀረ፤ ጌታነቱን ግን አጣ። እንግዲህ በእግዚአብሔር ዘንድ መሻር ማለት ያለፈውን ከመታሰቢያ መፋቅ ሳይሆን ያለፈው በሰው ላይ የነበረውን ሥልጣን ማስለቀቅና በዚያ ስፍራ አዲስ ነገር ማኖር ነው።

የመድኃኒታችን ሥራ ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩት ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን ባሮች አድርጎ የጻፈባቸውን የዕዳ ጽሕፈት አንዱን በዮርዳኖስ፥ ሁለተኛውን በሲኦል አኑሮት ነበር፤ ጌታችንም በዮርዳኖስ ያለውን በጥምቀቱ ጊዜ፥ በሲኦል ያለውን በሞቱ ጊዜ ደመሰሰው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ይህን የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል መወገዱን ይናገራል። የዕዳው ጽሕፈት ከጠፋ በኋላ ግን አዳም ባለቤት እንደሌለው ሰው በመንገድ አልቀረም፤ አጥቶት የነበረው ልጅነት ተመለሰለት። ባርነት የተሻረበት ስፍራ በልጅነት ተሞላ። ዕዳው ተሰርዞ ልጅነት ባይሰጠን ኖሮ ነጻ የወጣን ወላጅ አልባዎች በሆንን ነበር።

የተሰረዘ ዕዳ በምሕረት ካልተሞላ ምን እንደሚሆን ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረው የባሪያው ምሳሌ ያሳየናል። ያ ባሪያ የ10,000 መክሊት ዕዳ ተተወለት። ወዲያው ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ልቡ ከዕዳ ጭንቀት ባዶ ሆነ እንጂ ምሕረት አልገባበትም ነበርና የቀድሞው ጭካኔ ተመልሶ ገባ። ጌታውም የተወለትን ዕዳ እንደ ገና አስከፈለው። ሽረቱ ራሱ ተሻረ።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ክፉን መተው ራሱ መልካም አይደለምን፥ መናንያን አባቶቻችንስ ሁሉን ትተው አልነበረምን፥ ይለን ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈውን የአባ እንጦንስን ገድል እንመልከት። እንጦንስ በግብፅ ወላጆቹ ሞተውበት ከአንዲት ታናሽ እኅቱ ጋር የቀረ ወጣት ነበረ። በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ሰምቶ ከወላጆቹ የወረሰውን 300 አሩራ ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ተንቀሳቃሹንም ሀብት ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ። ይሁን እንጂ እኅቱን ሜዳ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑና ለሚታወቁ ደናግል አደራ ሰጥቶ እንድታድግ አደረገ። እርሱም ከቤቱ ከወጣ በኋላ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ከሠራውም ለምግቡ ካዋለው የተረፈውን ለችግረኞች ይሰጥ ነበር፤ ያለ ማቋረጥም ይጸልይ ነበር። የለቀቀው መሬት በድሆች ጥጋብ፥ የለቀቀው ቤት በእኅቱ መጠጊያ፥ የለቀቀው ጊዜ በጸሎት ተሞላ። ምናኔ ማለት ይህ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ያለ ጠያቂ ጥሎ ዓለምን ናቅሁ የሚል ሰው ግን መነነ አይባልም፤ ሸሸ ይባላል።

ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 ስለ ሌባ ሲናገር መስረቁን እንዲተው ብቻ አያዝዘውም፤ በእጁ መልካም እየሠራ ለጐደለው ሰው እንዲያካፍል ይጨምርበታል። በሐዋርያው ዘንድ ሌባ ዳነ የሚባለው ሌላውን የዘረፈበት እጁ ሌላውን መመገብ ሲጀምር ነው። ቀራጩ ዘኬዎስም ግፉን መተው አልበቃውም፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ በሐሰት የከሰሰውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ነቢዩ ዳዊትም በ33ኛው መዝሙር ከክፉ መራቅን ባዘዘበት ቍጥር መልካም ማድረግን ወዲያው አስከትሏል።

ከዚህ የተነሣ ራሳችንን በየሥራችን መመርመር ይገባናል።

ስለ ጾም ስናስብ፥ ከምግብ የተለቀቀችው ሰዓት ማን ገባባት? የተተወውስ ምሳ ወደ ማን ገበታ ሄደ? ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደ ሆነ ያስተምራል። ሆዱን ባዶ አድርጎ ልቡን በቍጣ፥ አፉንም በሐሜት የሚሞላ ሰው ቤቱን ለሌሎች መናፍስት እንደ ጠረገ ይቈጠራል።

ስለ በዓል ስናስብ፥ በዓል ማለት ከሥራ የተለቀቀ ቀን ነው። በላቲኑ ቋንቋ ይህ ዕረፍት ባዶ ጊዜ ተብሎ ቢጠራም፥ መዝሙሩ እግዚአብሔርን ማወቅ እንዲሞላበት አዝዟል። ከቅዳሴ ቀርቶ በስካርና በጠብ ያለፈ በዓል ከሥራ ቀን የከፋ ይሆናል፤ ሰው በሥራው ቀን ቢያንስ በድካሙ ቤቱን ይመግባልና።

ስለ ንስሐ ስናስብ፥ የነፍስ አባቶች ለተነሣሒው ቀኖና የሚሰጡት ስለዚህ ነው። ስግደቱ፥ ጸሎቱና ምጽዋቱ የኀጢአት ዋጋ መክፈያ አይደሉም፤ ዋጋው በመስቀል ተከፍሏልና። ኀጢአት የለቀቀውን ስፍራ መልካም ልማድ እንዲይዘው ይታዘዛሉ። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን ተነሣሒውን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ካሰናበቱት በኋላ በቤቱ ምን እንደ ገባበት ቢጠይቁና ቢጎበኙት ከመንጋ ጠባቂነታቸው የሚገኝ ግዴታ ነው። ከመጠጥ የወጣ ሰው ምሽቱን የሚያሳልፍበት ማኅበር፥ ከዘረፋ የወጣ ሰው የሚሠራው ሥራ፥ ከቂም የወጣ ሰው የሚጠይቀው ወንድም ካላገኘ ጠላቱ ሰባት ሆኖ ይመለሳል።

በፍርድና በሹመት ወንበር ላይ ያሉ ወንድሞቻችንም ከዚህ ይማሩ። ያለ አግባብ የተባረረውን ሠራተኛ ውሳኔው ተሽሮልሃል ብሎ በደብዳቤ ማሰናበት ሥራውን አያስፈጽምም፤ የቀረበት ደመወዝ፥ የተነቀፈበት ስሙ፥ የተራቡት ልጆቹ ስፍራቸው ገና ባዶ ነውና። የበደለ የወሰደውን ይመልስ፤ ሊመልሰው የማይችለው ቢሆን ይቅርታ ይጠይቅ፤ በፍጹም ሊሞላው የማይችለውን ደግሞ በትሕትናና በምጽዋት ይሙላው። ሁሉን መመለስ አለመቻል ምንም ላለመመለስ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻም ወደ አንድ የአማርኛ ቃል እንመለስ። የእንግሊዝኛው «ቬኬት» ያለውን ሁለተኛ ትርጓሜ በአማርኛ «ሻረ» እንለዋለን። ሕግ ተሻረ፥ ሹም ተሻረ፥ ፍርድ ተሻረ እንላለን። ነገር ግን በሕዝባችን አፍ ይህ ቃል እንግሊዝኛው የሌለው ሌላ ትርጓሜ አለው፤ ቁስል ሲድን «ሻረ» ይባላል። መግል ስለ ወጣ ቁስል ሻረ አይባልም፤ መግሉ ከወጣ በኋላ አዲስ ሥጋ ከሥር እየሞላ መጥቶ ቆዳው ሲገጥም ነው ሻረ የሚባለው። ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ የጴጥሮስም ክሕደት በወንጌል ተጽፎ እንደ ቀረ ጠባሳው ይታያል፤ ግን አይመረቅዝም።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፥ ክፉውን በለቀቅን ጊዜ በቤታችን በር ቆመን ማን እንደሚገባ እንጠብቅ። ፍርድን በሻርን ጊዜ የተፈረደበትን ሰው ቁስል እንመልከት። ወንድማችንን ትቼዋለሁ ባልን ጊዜ ይቅር ብለነው እንደ ሆነ ወይስ ጥለነው እንደ ሆነ ልባችንን እንጠይቅ። ባዶውን ስፍራ ሁሉ በፍቅሩ የሚሞላ አምላካችን፥ የዕዳችንን ጽሕፈት ደምስሶ ልጅነትን እንደ ሰጠን፥ የምንተወውን በምንሠራው እንድንሞላው ይርዳን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።